ጠመንጃው ሲታደስ የሚፋቀው ታሪክ

«ማደስ» የሚለው ግሳችን ለቤት፣ ለአጥር፣ ለውልና ለመታወቂያ ወረቀት ሁሉ ያገለግላል። አሮጌውን ወደ አዲስነት መመለስ ማለት ነው፤ የታደሰ ቤት አይቶ «አሮጌነቱ የት ሄደ?» ብሎ የሚከራከር ሰው የለም። ይኸው ግስ ዋጋው አሮጌነቱ በሆነ ዕቃ ላይ ሲያርፍ ግን ትርጉሙ ይገለበጣል። የአያቱን ምንሽር ከግድግዳ አውርዶ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈገ፣ ሰደፉን ቫርኒሽ የቀባ፣ የተበሉትን ብሎኖች በአዲስ የለወጠ ሰው «አሳደስኩት» ይላል። ያደረገው ነገር ግን የብራና መጽሐፍ ጽሕፈት ፍቆ ብራናውን ነጭ አድርጎ ከማስቀመጥ አይለይም። ብራናው አምሯል፤ የሚነበብ ነገር ግን አልቀረበትም።

«ከስንት የአገር ጉዳይ መካከል ስለ ጠመንጃ ብረት ቀለምና ስለ ሰደፍ እንጨት ማተት ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ ያለፉት መቶ ሃምሳ ዓመታት ታሪካችን በብዙ በኩል የጠመንጃ ታሪክ ነው። ማን መሣሪያ አገኘ፣ ከማን አገኘ፣ በምን ዋጋ አገኘ የሚለው ጥያቄ ማን ነገሠ ከሚለው ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ጉዳይ በእጃችን ያሉት የጽሑፍ ማስረጃዎች ባመዛኙ የነጋዴዎች፣ የቆንስሎችና የተጓዦች ወረቀቶች ናቸው። ጠመንጃዎቹ ራሳቸው ሌላ ማስረጃ ናቸው፤ የሚመሰክሩትም በቅርጻቸው ብቻ ሳይሆን በተሠሩበት ቁስና በገጻቸው ቀለም ነው። ቁሱና ቀለሙ ሲለወጥ ምስክሩ ዲዳ ይሆናል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። በአውሮጳ «የአደን ጠመንጃ» የሚባለው ለብቻው የተሠራ የባለጸጋ ዕቃ ነው። የለንደኑ ሪግቢ፣ የበርሚንግሃሙ ዌስትሊ ሪቻርድስ፣ እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ ከኦስትሪያው የሽታየር ፋብሪካ የወጣው ማንሊኸር ሾናወር ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌዎች ናቸው። በእኛ ዘንድ ግን ይህ ክፍፍል እምብዛም አልነበረም። ባላገሩ የዘመተበትን ጠመንጃ በሰላሙ ጊዜ ይዞ ቆላ ይወርዳል፤ ጎሽና ዝሆን ይጥልበታል፤ በሠርግና በለቅሶ ይፎክርበታል። የዝሆን ግዳይና የጦር ሜዳ ግዳይ የሚቆጠሩት በአንድ ፉከራ ውስጥ ነው። ስለዚህ ስለ ኢትዮጵያ ጥንታዊ የአደን ጠመንጃ ስናወራ የምናወራው በአብዛኛው ስለ ስናድር፣ ስለ ወጅግራ፣ ስለ ለበን፣ ስለ ምንሽር፣ ስለ መስኮብና ስለ በልጅግ ነው። ስሞቹ ራሳቸው እኮ የፋብሪካ ማኅተም ናቸው። ስናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ ወጅግራ ፈረንሳዮቹ «ፊዚ ግራ» የሚሉት፣ ትርጉሙም የግራ ጠመንጃ የሆነ፤ ለበን ለቤል፣ ምንሽር ማንሊኸር፣ መስኮብ የሞስኮ፣ በልጅግ የቤልጅግ። ሕዝቡ መሣሪያውን በትውልድ አገሩ ወይም በሠሪው እየጠራ ለልጅ ልጅ አስተላልፎታል። ዛሬ የቤተ መዘክር ካርዶቻችን «አሮጌ ጠመንጃ፣ የብረትና የእንጨት» ብለው ሲያልፉት ከአንድ ያልተማረ አዝማሪ ያነሰ መረጃ ሰጡን ማለት ነው።

አመጣጣቸውን በአጭሩ ላስታውስ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ እንግሊዞች በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ የተኮሱት ስናይደር በጦርነት ሲሞከር የመጀመሪያው ነበር። ጦሩ ሲመለስ ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ ለኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ መድፎችንና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃዎችን ትቶላቸው ሄደ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የተሸነፈው የግብጽ ጦር የታጠቀው የአሜሪካውን ሬሚንግተን ነበርና ሬሚንግተን በምርኮ ገባ። በዓድዋ ደግሞ ከጣልያን ወታደሮች ብዙዎቹ የያዙት አዲሱን ካርካኖ ሳይሆን አሮጌውን ቬተርሊ ነበር፤ ከድሉ በኋላ በብዙ ጸሐፊዎች ግምት 11,000 ያህል ጠመንጃ ተማረከ። በግዢ፣ በስጦታና በኮንትሮባንድ የገባውን እዚህ አልዘረዝርም።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ።

በአሮጌ ጠመንጃ በርሜል ላይ የምናየው ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥቁረት ብዙ ሰው እንደሚመስለው ቀለም አይደለም፤ የተገራ ዝገት ነው። የድሮው ባለሙያ በርሜሉን ከስብ አጽድቶ አሲድ ያለበት ፈሳሽ በስሱ ይቀባዋል፤ እርጥበት ባለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ቀይ ዝገት እስኪያወጣ ይጠብቃል፤ ከዚያ በፈላ ውኃ ይቀቅለዋል። ቀዩ ዝገት ሲቀቀል ወደ ጥቁር ዝገት ይለወጣል፤ ኬሚስቶች ማግኔታይት የሚሉት ነው። የላላውን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ያዝጋል፣ እንደገና ይቀቅላል። ይህ ስድስት ሰባት ጊዜና ከዚያም በላይ ይደጋገማል፤ ሥራው ቀናትን ይወስዳል። ውጤቱ የማያንጸባርቅ፣ ጥልቀት ያለው፣ እጅ ሲነካው የሚለሰልስ ጥቁረት ነው። መቀቀሉ ከተተወ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት የተሠሩ ብዙ በርሜሎች ቡናማ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ዘዴ ሌላ ነው። ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት ጨው ተቀላቅሎ በ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ ብረቱ ይነከርበታል፤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅና ወጥ ሆኖ ይወጣል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ያምራል። ዛሬ «እናድሳለን» የሚሉ ሱቆች በብዛት የሚጠቀሙት ይህንን ነው። እንግዲህ በ1880ዎቹ የተሠራ ወጅግራ እንደ መስተዋት የሚያበራ ጥቁረት ይዞ ሲመጣ ያወቀ ሰው የሚያነበው የ1880ዎቹን ታሪክ ሳይሆን የአዳሹን ታሪክ ነው። ነገሩ በመልክ ብቻ አይቆምም። የእንግሊዝ ጥንድ አፈሙዝ የአደን ጠመንጃዎች ሁለቱ በርሜሎቻቸውና በመካከላቸው ያለው ዘንግ ብዙ ጊዜ የተያያዙት በቆርቆሮና በእርሳስ ብየዳ ነው፤ የሚፈላው ኮስቲክ ሶዳ ይህን ብየዳ ይበላዋል። ከውጭ ያማረ ጠመንጃ ከውስጥ የተፈታ ይሆናል።

ከበርሜሉ ይልቅ የሚያስቸግረው መቀርቀሪያውን የሚይዘው ዋናው የብረት አካል ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠሪዎች ለስላሳ ብረት ቀርጸው ገጹን ብቻ ያጠነክሩት ነበር። ክፍሎቹን ከአጥንትና ከእንጨት ከሰል ጋር በብረት ሳጥን አሽገው ለሰዓታት ያግሉታል፤ ካርቦኑ ወደ ብረቱ ገጽ ይሰርጋል፤ ከዚያ በቅጽበት ውኃ ውስጥ ይጥሉታል። የሚወጣው ብረት ውጩ እንደ መስተዋት የጠነከረ፣ ውስጡ ግን ለዘብ ያለ ነው፤ በገጹም ላይ ሰማያዊ፣ ቡናማና የገለባ ቀለም እንደ ደመና ተዥጎርጉሮ ይታያል። ይህ ዥጉርጉር ቀለም በእጅና በፀሐይ ይጠፋል። ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች ዛሬ ግራጫ የሚመስሉት ቀለማቸው ስለጠፋ እንጂ ሳይቀቡ ስለቀሩ አይደለም። ቀለሙን ለመመለስ አካሉን እንደገና ማጋል የሚፈልግ ሰው አለ። ብረቱ ይጣመማል፤ ከዚያም የከፋው ጥንካሬው ከነበረበት ይለወጣል፤ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈገው ደግሞ ያንን ስስ ጠንካራ ሽፋን በከፊል አንሥቶታል።

ሙቀት ብረትን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማወቅ የአሜሪካኖቹን ስፕሪንግፊልድ 1903 መጥቀስ ይበቃል። በስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ከቁጥር 800,000 በፊት የተሠሩት አካላት የሙቀት መጠኑ በሠራተኛው ዓይን ስለሚገመት ከመጠን በላይ እየጋሉ ተሰባሪ የሆኑ ነበሩባቸው፤ አሠራሩ የተለወጠው በ1918 ነው። ብዙዎቹ ኋላ ለአደን ተስተካክለው፣ አዲስ ሰደፍና አዲስ ጥቁረት ለብሰው ተሸጠዋል። ገጹን ያየ ሰው ቁሱን አላየም። የዊንቸስተር ፋብሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት የተጠቀመበት የኒኬል ብረት ደግሞ ጥቁረቱን አልይዝ እያለ ይቀረፍ ነበር፤ ዛሬ የዚያ ዘመን ዊንቸስተር ጥቁረቱ ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ሰብሳቢዎች ከመደሰት ይልቅ የሚጠራጠሩት ለዚህ ነው።

ጥቁር መሆን የሌለበትን ማጥቆርም አለ። የማውዘር መቀርቀሪያ በአብዛኛው ከፋብሪካው ሲወጣ ብሩህ ነጭ ብረት ነው፤ እንዲያንሸራትትና በዘይት እንዲኖር የታሰበ ነው። አዳሹ ግን «ሁሉም ጥቁር ይሁን» ብሎ እሱንም ከሌላው ጋር ይነክረዋል። መቼም የወጥነት ፍቅር በብዙ ነገራችን ውስጥ አለ።

የእንጨቱ ጉዳይ ለእኛ አገር አንባቢ ይበልጥ ቅርብ ነው። የአውሮጳ ሰደፍ ባመዛኙ ዋልነት ነው፤ የሚቀባውም የተልባ ዘይት ነው። አዎን፣ የኛው ተልባ። ዘይቱ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል እንጂ ከላይ አይቀመጥም፤ በየጊዜው በእጅ ሲታሽ ከባለቤቱ ላብ፣ ከጭስና ከቅቤ ጋር ተዋሕዶ ያንን የምናውቀውን ጥቁር ቡናማ ልስላሴ ይሰጠዋል። ቫርኒሽ በተቃራኒው ከላይ የሚቆም ብርጭቆ ነው፤ ሲሰነጠቅ ይላጣል፣ ሲላጥ እንጨቱን ይዞ ይነሣል። ቫርኒሹ የሚቀባው ደግሞ እንጨቱ ከተፋቀ በኋላ ነው። ከሰደፉ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲነሣ ብረቱ ከእንጨቱ በላይ ጎልቶ ይቀራል፤ በፋብሪካው የተመታው የመርማሪው ማኅተም ይጠፋል፤ በአገር ውስጥ የተመታው የአንበሳ ምስል፣ የግዕዝ ፊደልና አኃዝም አብሮ ይጠፋል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከቤልጅጉ የኤርስታል ብሔራዊ ፋብሪካ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በተሠሩት አጫጭር ማውዘሮች ላይ የይሁዳ አንበሳ በአካሉ ብረት ላይ ተቀርጿል፤ ቅርጹ ጥልቅ አይደለም። ሁለት ጊዜ በማሽን የተወለወለ ማውዘር አንበሳው ድመት ይሆናል፤ ሦስተኛው ላይ ምንም አይቀርም።

ስለ ማኅተም ከተነሣ የሊዬዥን ሳልጠቅስ አላልፍም። የቤልጅጓ ሊዬዥ ከ1672 ጀምሮ የጠመንጃ በርሜልን በትርፍ ባሩድ ተኩሶ የመፈተንና ማኅተም የመምታት ሥርዓት የነበራት ከተማ ናት። የፈተናው ማኅተም በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ የተጻፉ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ነው፤ ከ1893 ወዲህ በላዩ ላይ ዘውድ ተጨምሮበታል። ዘውዱ ካለ በርሜሉ የተፈተነው ከ1893 በኋላ ነው፤ ከሌለ ከዚያ በፊት ነው። ከዓድዋ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ ስለመሠራቱ በዚህ የጥፍር አናት በምታህል ምልክት መናገር ይቻላል። አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ሞረድ ደግሞ ያጠፋታል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ፋብሪካው ቁስና ገጽ ነው። የአውሮጳና የአሜሪካ ሰብሳቢዎች «ኦሪጅናል» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ቁጥሩ ሁሉ የገጠመ፣ ብሎኑ ያልተነካ። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ በኢትዮጵያ ውስጥ «ኦሪጅናል» የሚባል ጠመንጃ ጥቂት ነው። እኔ የምለየው እዚህ ላይ ነው። ይህን ሚዛን እንዳለ ተቀብለን ብንጠቀምበት የራሳችንን ታሪክ እንደ ጉድለት እንቆጥረዋለን።

የተሰበረ የሰደፍ አንገት በኛ አገር እንዴት ይጠገን እንደነበር ያየ ያውቃል። እርጥብ ጥሬ ቆዳ ይጠመጠምበታል፣ በጅማት ይሰፋል፤ ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና ከብረት ቀለበት ባላነሰ ጥንካሬ ይይዘዋል። ሌላው በመዳብ ሽቦ ይታሰራል፤ ሌላው በቆርቆሮ ተለብጦ በናስ ምስማር ይመታል። ሰደፉ ጨርሶ የጠፋ እንደሆነ አናጢው ከወይራ ወይም ከዋንዛ ይጠርብለታል፤ ከዋልነቱ ይከብዳል ወይም ይቀላል እንጂ ይተኩሳል። የጠፋ ብሎን በቀጥቃጭ እጅ የተሠራ ብሎን ይተካዋል፤ ጥርሱ የፋብሪካ ልክ አይደለም፣ ግን ይይዛል። ይህን የሠራው ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም። ብዙ ጊዜም በማኅበረሰቡ የሚናቅ፣ መሬት የማይሰጠው፣ «ቡዳ» የሚባል ቀጥቃጭ ነበር። አርበኛውን በምስጋና የሚያነሣ ታሪካችን እሱን አያነሣውም። በእጁ የሠራው ጥገና ግን እነሆ በሰደፉ ላይ አለ። ቆዳውን ቆርጦ ጥሎ፣ የቀጥቃጩን ብሎን አውጥቶ ከኢንተርኔት ያዘዘውን የፋብሪካ ብሎን የሚያስገባ አዳሽ በፋብሪካው ሚዛን ትክክል ሠርቷል። በእኔ ሚዛን ግን የዚያን ሰው ብቸኛ ፊርማ አጥፍቷል።

ይህ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የጸደቀው የቅርስ ጥበቃ ቻርተር የተጻፈው ለሕንጻዎች ቢሆንም ሐሳቡ ለዕቃም ይሠራል። በአንድ ቅርስ ላይ የተለያዩ ዘመናት ያኖሩት ተገቢ አሻራ ሁሉ ይከበር፤ አንዱን ንጹሕ ዘመን ፍለጋ ሌላው አይፈራርስ ይላል። እድሳትም መገመት በሚጀምርበት ቦታ ላይ ማቆም እንዳለበት ይደነግጋል።

ለዚህ ከቬተርሊ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም። የጣልያን ጦር ሲቀበለው ሞዴል 1870 ነበር፤ ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ። በ1887 ሰደፉ ተበስቶ አራት ጥይት የሚይዝ የቪታሊ ካዝና ገባለት፤ ወደ ዓድዋ የመጣው በዚህ መልኩ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ከ1915 ወዲህ የብዙዎቹ በርሜል ሰፍቶ በውስጡ ቀጭን ቱቦ ገባበት፤ ከ10.4 ሚሊ ሜትር ወደ 6.5 ወረደ፤ የካርካኖ ጥይት በላ። በኢትዮጵያ የተገኙ አንዳንድ ቬተርሊዎች ሦስቱንም ዘመናት ተሸክመው፣ በላያቸው ላይ የአገር ቤት ቆዳ ተጠምጥሞባቸው የቆዩ ናቸው። የትኛው ነው «ኦሪጅናሉ»? ወደ 1870 እንመልሰው ያለ ሰው ዓድዋን ማውለቅ አለበት። ወደ 1887 እንመልሰው ያለ ደግሞ ሰደፉን የጠገነውን ሰው ማውለቅ አለበት። ሁሉም ባለበት ይቆይ ያለ ሰው ምንም አያወልቅም።

ይህች የማደስ ነገር በኛ ላይ አዲስ አይደለችም። በ1887 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ ይዞ የመጣው 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ነበር። ጠመንጃዎቹ በአውሮጳ ጦር ውስጥ ዘመናቸው አልፎ የተጣሉ፣ በካፕሱል የሚተኮሱ አሮጌ መሣሪያዎች ነበሩ። እንዲህ ያሉትን የሊዬዥ ነጋዴዎች በርካሽ እየገዙ፣ ወልውለውና አስተካክለው ለአፍሪካ ገበያ ያቀርቧቸው ነበር። ንጉሡ ግን የዋዛ ሰው አልነበሩም፤ በዋጋው ተከራክረው ነጋዴው ከጠበቀው እጅግ ዝቅ አድርገው ከፈሉ። ራምቦ በደብዳቤዎቹ ምሬቱን ጽፏል። ምኒልክ የሚያብረቀርቅ ገጽ ስለ ውስጡ ብረት ምንም እንደማይናገር የሚያውቁ ይመስለኛል። ከእሳቸው በኋላ የመጣነው ግን ይህን እውቀት ጠብቀን የያዝን አንመስልም።

ለምን እንዲህ አልኩ? ከአዲስ አበባ ውጭ በሚገኝ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቤተ መዘክር ውስጥ የተሰለፉ ጠመንጃዎች ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ ንጣፍ በብር ቀለም ተቀብተው አይቻለሁ። በአጥር ብረት ላይ የሚቀባው ዓይነት ነው። አስጎብኚው በኩራት «ለበዓሉ አሳደስናቸው» አለኝ። በጎ አሳቢነቱ አያጠራጥርም፤ ከእሱ በላይ ያሉትም ቢሆኑ በጀት ሲመደብላቸው በመጀመሪያ የሚታያቸው ቀለም ነው። በሕግ ደረጃ ግን ነገሩ ክፍት አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥበቃና የእድሳት ሥራ በሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲሆን ያዛል። ሐውልትን ማደስ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ሁሉም ያውቃል፤ ጠመንጃ ሲሆን ግን የሚያስፈልገው ቀለምና ብሩሽ ብቻ ይመስላል።

ከቀለሙ የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ በአሜሪካ የአሮጌ መሣሪያ ገበያ ላይ ሻጮቹ ራሳቸው ከኢትዮጵያ የመጡ መሆናቸውን እየጠቀሱ የሸጧቸው ጠመንጃዎች በብዛት ታይተዋል፤ ቬተርሊ፣ ካርካኖ፣ ሬሚንግተን፣ የአንበሳ ቅርጽ ያለባቸው የቤልጅግ ማውዘሮች። በአሜሪካ የ1968 ሕግ መሠረት እስከ 1898 ድረስ የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር ግዢው ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ የተሠራው ላይ ደግሞ አስመጪው ስሙንና ከተማውን በብረቱ ላይ እንዲመታ ይገደዳል። እናም በአንዳንዶቹ ላይ ከይሁዳ አንበሳው ብዙ ሳይርቅ የአንድ አሜሪካዊ ነጋዴ አድራሻ ተቀርጾ ይገኛል። ታሪክ ንብርብር ነው ካልን ይህም አንድ ንብርብር ነው፤ ምን ማድረግ ይቻላል!

ገዢዎቹን መውቀስ አልፈልግም። ከመካከላቸው የቆዳ ጥገናውን እንዳለ የሚያቆዩ፣ የግዕዙን ፊደል ትርጉም እየጠየቁ የሚመዘግቡ አሉ። አሮጌውን ጭቃና ቅባት በምድጃ ማጽጃ ኬሚካል አጥበው፣ እንጨቱን ፍቀው፣ ብረቱን አጥቁረው «በፊትና በኋላ» የሚል ፎቶግራፍ የሚለጥፉም አሉ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እነዚህ ጠመንጃዎች ከአገር ሲወጡ ማን አያቸው? ቁጥራቸውን፣ ማኅተማቸውን፣ የጥገናቸውን ዓይነት የጻፈ አንድ ወጣት የታሪክ ተመራቂ በመጋዘኑ ውስጥ ለሁለት ወር ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ወጪው ምን ያህል ይሆን ነበር? ሽያጩ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንተወው። መዝግቦ መሸጥና ሳይመዘግቡ መሸጥ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመርቋል። እንዲህ ያለ ሕንጻ ለማቆም አቅም ያለው አገር ለአንድ ሣጥን የመመዝገቢያ ካርድ አቅም አያጣም።

በቤታቸው የአያት ጠመንጃ ያላቸው ወዳጆች ምን እናድርግ እያሉ አልፎ አልፎ ይጠይቁኛል። የመጀመሪያው የሕጉ ጉዳይ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አሮጌ ነው፣ አይተኩስም ማለት ብቻውን ከሕጉ አያወጣም። የቀረው ቀላል ነው። ጥይት አለመኖሩ ይረጋገጥ፤ ለመተኮስም አይሞከር፤ ብረቱ ከላይ ሲታይ ደኅና መምሰሉ ምንም ማለት አይደለም። አቧራው በለስላሳ ጨርቅ ይነሣ፤ ብረቱ ቀለል ያለ የማሽን ዘይት ነክቶት ይጠረግ፤ ቀይ ዝገት ካለ በዘይት ርሶ ቀናት ከቆየ በኋላ በጨርቅ ይታሽ እንጂ ብርጭቆ ወረቀት አይንካው። ጥቁሩ ዝገት ይተው፤ እሱ ጠባቂ ነው። ብሎን አይፈታ፤ በሱቅ የሚሸጠው ካቻቢቴ ለእነዚያ ቀጫጭን የብሎን ቦዮች አልተሠራምና ራሳቸውን ይበላቸዋል። ኩሽና ውስጥ ከጭሱ አጠገብ አይሰቀል፤ እርጥብ ግድግዳም አይደገፍ። ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በተለይ ማኅተሞቹ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደያዘው፣ ማን እንደጠገነው የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ቃሉ ይጻፍና ከፎቶግራፉ ጋር ይቀመጥ። በሰደፉ ላይ የተጠመጠመው ቆዳ የላላ እንደሆነም በላዩ ላይ በጥጥ ክር ይታሰር እንጂ አይቆረጥ።